መውጫ የሌለው ውሃ

«የቦረና ልጅ ስለ ሐይቅ ዳርቻ ምን አገባው?» አለኝ አንዱ የዶርሜ ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ ስጀምር። ጥያቄው ጥሩ ነው። መካነ ሰላም ደጋ ናት፤ ውሃዋ ሁሉ ቁልቁል ነው የሚነጉደው። በሽሎ ገባ ወለቃ ገባ፣ መጨረሻው ዓባይ ነው። ክረምት ሲሆን ጎርፉ የማሳችንን አፈር ተሸክሞ ገደሉን ይወርድና ከዐይናችን ይሰወራል፤ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። (ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀ ወዲህ እንኳ የት እንደሚደርስ እናውቃለን፤ ግን እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) እንግዲህ ለእኛ ውሃ ማለት የሚሄድ ነገር ነው።

የሚሄድ ውሃም ቢሆን ግን ሕግ ነበረው። በአያቴ አገር ምንጩ ከዐይኑ ላይ ለመጠጥ ይቀዳል፤ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ልብስ የሚታጠበው ከሁሉም በታች ነው። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። አንድ ቀን ከሌላ ቀበሌ የመጣች አዲስ ሙሽራ ከከብቱ መጠጫ በላይ ሳሙናዋን ይዛ ቁጭ አለች። አያቴ አልተቆጣቻትም። «ልጄ፣ ከበታችሽ ሰው አለ» ብቻ ነው ያለቻት። ሙሽራይቱ ልብሷን ሰብስባ ወረደች፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

ሎጎ ሐይቅን ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ከደሴ በስተሰሜን በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ነው፤ ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ስለ አፈጣጠሩ የአገሩ ሰው የሚያወራው አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበደለች፤ እግዜር ተቆጣና ዙሪያውን ውሃ አደረገው፤ በዳዮቹ ሰጠሙ፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። ያ ደሴት ዛሬ ከየብስ ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። የታሪክ ተማሪ ነኝና ወደዚያ የሳበኝ ገዳሙ ነበር። ወሬዬን ያስለወጠኝ ውሃው ነው።

ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ አንከርካ ይባላል፤ ከአርድቦ ሐይቅ በኩል ይመጣል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ጣና እንኳ ዓባይ የሚባል መውጫ አለው። ሎጎ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር ይቀበላል እንጂ አይሰጥም፤ ፀሐይ ውሃውን እያተነነች ትወስዳለች፣ ከውሃው ጋር የገባውን ቆሻሻ ግን ትታው ነው የምትሄደው። እዚህ ላይ የአያቴ ሕግ ግራ ይጋባል። ከበታችሽ ሰው አለ ለማለት በታች መኖር አለበት። ሐይቅ ላይ በታች የሚባል የለም፤ ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ ከአንድ ገበታ ነው የሚጎርሰው።

በጀልባ ያሻገሩን አንድ አዛውንት ነበሩ። ዱሮ ከዚሁ ከሐይቁ በእጃቸው እየጨለፉ ይጠጡ እንደነበር ነገሩን። «ዛሬስ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ዛሬማ ለልጆቼም አልፈቅድ። ውሃው ወፍሯል፣ ልጄ።»

ወፍሯል! የባዮሎጂ ተማሪዎች በስንት ገጽ የሚያስረዱንን ሰውየው በአንድ ቃል ጨረሱት። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ሳሙና፣ የማሳ ማዳበሪያ ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለ። ውሃ ውስጥ ሲገቡ አልጌ የሚባለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ያደልቡታል። አልጌው ሲበዛ ብርሃን ወደ ታች አይወርድም፤ ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰው አየር ያልቃል። ከዚያ ላይ የሰው ዓይነ ምድር ያመጣው ተቅማጥና ታይፎይድ አለ፤ እሱ ለዐይን አይታይም፤ ፎቶ ላይም አይወጣም።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ ዳርቻው ላይ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ጎብኚ ይመጣል፤ የተጠበሰ ዓሣ ያዛል፤ ከሐይቁ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል። የሚጠጣው ግን የታሸገ ውሃ ነው! 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ፊቱ ተዘርግቶ። ፕላስቲኩ ደግሞ ነፋስ እየገፋው ቄጠማው ሥር ተሰብስቦ ይንሳፈፋል።

አንድ ሎጅ ውስጥ ሻይ ይዘን ተቀምጠን አስተናጋጁን ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ጉድጓድ አለው።»

«ሲሞላስ?»

«ኧረ ሞልቶም አያውቅ!» አለኝ በኩራት።

ጓዶቼ ሳቁ፤ እኔ ግን ሻዩ አልወረደልኝም። ያን ሁሉ አልጋ እያስተናገደ ዓመት ሙሉ የማይሞላ ጉድጓድ ምን ዓይነት ጉድጓድ ነው? ከጉድጓዱ እስከ ውሃው በእርምጃ ለካሁት፤ 40 አልሞላም።

ሆቴሉን ብቻ መክሰስ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከዙሪያው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ አለ፤ የከተማው የራሱ ቆሻሻ አለ። በ1970ዎቹ መባቻ ሐይቁ ላይ የተጨመረው ቆሮሶ ዓሣም አልጌውን የሚግጡትን ደቃቅ ፍጥረታት እየበላ ውሃውን እንደለወጠው ያጠኑ አሉ። ያው ዓሣ ግን የስንቱን ቤት እንጀራ ይዟል! ቱሪዝሙም እንደዚያው ነው፤ አስተናጋጁም፣ ጀልባ ቀዛፊውም፣ ዓሣ ጠባሿም ከእንግዳ ነው የሚበሉት። እንግዳ ይቅር የሚል ሰው ካለ ሄዶ ለእነሱ ይንገራቸው።

ዓለም ይህን አይቶታል። ፊሊፒንስ ውስጥ ቦራካይ የምትባል ነጭ አሸዋዋ የታወቀ ደሴት አለች። የሆቴሎቹ ፍሳሽ ባሕሩ ውስጥ እየገባ አስቸገረና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ደሴቲቱን ለ6 ወር ከጎብኚ ዘጋት፤ በግማሽ ዓመት ውስጥ የስንት ሺህ ሰው ሥራ ቆመ። ቦራካይ ዙሪያዋን ውቅያኖስ አላት፤ ማዕበሉ ይብዛም ይነስ ያጥባታል። ሎጎ ሐይቅን ምን ያጥበዋል?

የሚገርመው፣ ሕጉ እኛም ዘንድ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፤ ሁለቱም እኔ ሳልወለድ የወጡ ናቸው። በገበታ ለትውልድ ፕሮጀክት ሎጎ ሐይቅ ሊለማ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ሲሆን ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል፤ እኔም ብሎኛል። ነገር ግን በ2014ቱ ጦርነት፣ ቀጥሎም ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ውጊያ ጎብኚው ሳስቷል። እንግዲህ ጉድጓድ ለመድፈን፣ ማጣሪያ ለመሥራት፣ ቧንቧውን ከዳርቻው ለማራቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ መቼ ይመጣል? ሎጁ አልጋው ሙሉ ሲሆን ግቢውን አይቆፍርም።

የባዮሎጂ ክፍል ጓደኞቻችን ውሃ የሚለኩበት ቀላል ዘዴ አላቸው። ነጭ ሳሕን በገመድ አስረው ወደ ውሃው ያወርዱታል፤ ከዐይን የጠፋበትን ጥልቀት ይመዘግባሉ። አንዴ በገዳሙ በኩል፣ አንዴ ከዚያ ሎጅ ፊት ለፊት ልናወርደው ተስማምተናል። ሳሕን ተገኝቷል፤ ጀልባውን አዛውንቱ ይሰጡናል። የጎደለን ገመድ ነው፤ 80 ሜትር አያስፈልግም፣ 10 ሜትርም ይበዛል ብለውኛል። ያለው ሰው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መናኸሪያ ይዞልን ይምጣ።