ደባልና ገመና

፩
በ2005 ዓ.ም. ሾላ ገበያ አጠገብ ዲኤስቲቪ ያስገባ አንድ ቡና ቤት ነበር። ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ 91 ቀን ሙሉ፣ ቢግ ብራዘር አፍሪካ የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ቤት እዚያ ግድግዳ ላይ እንደተከፈተ ከረመ። ከየአገሩ ተመርጠው፣ ሳይተዋወቁ ጆሃንስበርግ ላይ በአንድ ግቢ ከተዘጋባቸው ወጣቶች ሁለቱ የእኛ ልጆች ነበሩ። ሽልማቱ 300 ሺህ ዶላር ነበር። የአንደኛዋ ገመና በካሜራ መታየቱ አገር ምድሩን ሲያነጋግር ሰነበተ። ፈራጁ ብዙ ነበር። እኔን ያስከፋኝ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል እያየ «ኧረ ዝጉት» ያለ አንድ ሰው አለመስማቴ። እኔም አላልኩም።

፪
የዝግጅቱ ስም በእኛ ቋንቋ «ታላቅ ወንድም» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔዘርላንድ ውስጥ ሲጀመር ስሙን የወሰደው ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ እዚያ ታላቅ ወንድም ከዓይኑ ማንም የማያመልጠው ገዢ ነው። እኛ ታላቅ ወንድማችንን «ጋሼ» እንላለን፤ ጋሻዬ ማለታችን ነው። ጋሼም ያያል። አምሽተህ አጥር ስትዘል ቀድሞ የሚያይህ እሱ ነው። አይቶ ግን ከአባትህ ፊት ይቆምልሃል።

፫
ሰው ቤት የሄደ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ደጆች!» ይሉታል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ያለቀሰ ግን ዓይኑን ይጠርግባታል፣ የተራቆተ ይለብስባታል፣ የሚጣላ ድምፁን ዝቅ ያደርግባታል። ቤት የሚሠራው ገመናን ለመሸፈን ነውና። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ካሜራ «ቤቶች» አይልም፤ እንጀራው ያው ገመና ነው።

፬
ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ያደግኩበት ግቢ ስድስት አባወራ ነበረው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ተብሎ ከተወረሰ በኋላ ተሸንሽኖ የቀበሌ የሆነ ቤት ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለሁሉም። ክፍልን ከክፍል የሚለየው ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ። የጎረቤት ሳል ይሰማል፤ የባልና የሚስት ጠብም ይሰማል። ጠዋት ቧንቧው ጋ «እንዴት አደራችሁ?» ሲባል ግን ሌሊቱን ሁሉም ተኝቶ እንዳደረ ነው። ነገሩ ከበድ ካለ አንዷ እናት ቡና አፍልታ ሁለቱንም ትጠራለች፤ ጠብ የሚል ቃል ሳታነሳ። ያ አለመስማት ትልቅ ሙያ እንደነበር የገባኝ ከግቢው ከወጣሁ በኋላ ነው።

፭
በቴሌቪዥኑ ቤት ደባል ደባሉን ለመባረር ይጠቁማል፣ ተመልካች ድምፅ ይሰጣል፣ አንዱ ሻንጣውን ጎትቶ ይወጣል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰውም ከማያውቀው ጋር አንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርደው ዕጣ አገናኝቶት ነው። እዚህ ግን የጠሉትን ጎረቤት በድምፅ ማስወጣት የለም። ከላይ ፎቅ ውሃ የሚያንጠባጥብብህን ሰው ነገም ደረጃው ላይ ታገኘዋለህ። በጽዳት መዋጮ ተኳርፈው የከረሙ ሁለት ሰዎች፣ ብሎኩ ላይ ሰው በሞተ ዕለት የዕድሩን ድንኳን ግራና ቀኝ ይዘው ሲተክሉ አይቻለሁ። ያስታረቃቸው ሽማግሌ አልነበረም፤ የሚሄዱበት ሌላ ቤት አለመኖሩ ነው።

፮
ደባልነትን እስከ ጥጉ የሚያውቁት የእንጦጦ ጸበልተኞች ናቸው። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በደሙ የተገኘበት፣ ዘመድ የሸሸው ሰው ከየክፍለ ሀገሩ እየመጣ፣ በባሕር ዛፉ መካከል ባሉት የጭቃ ቤቶች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት እየተከራየ እንጦጦ ማርያም ይጠመቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር «ከጸበል ጋር አይሄድም» የሚለው ብዙ ነበርና፣ ክኒኑን ተደብቆ የሚውጥ ነበር። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸው ብዙዎችን ከጭንቅ አወጣ። ከዚያ በፊት በአንዲቱ ክፍል የኖረች ሴት ያጫወተችኝን አልረሳውም። የመድኃኒቷ ሰዓት ሲደርስ ደባሏ ጆግ አንስታ «ውሃ ልቅዳ» ትልና ትወጣለች። ጆጉ ሙሉ ሆኖም ትወጣለች። ለወራት እንዲህ ሲሆን አንድም ቀን አልተነጋገሩበትም።

፯
አሁን ካሜራው በየኪሳችን ገብቷል። በቅርቡ ኮተቤ አንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራይ ተጣልተው፣ የልጅቷ ዕቃ ደጅ ተበትኖ፣ ቀሚሷ ተቀዶ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን አነሱ። በመንገድ የሚያልፉ አንዲት እናት ገቡ። ማንንም አልተቆጡም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ በሁለት እጃቸው ዘርግተው በልጅቷና በስልኮቹ መካከል ቆሙ። ለቅሶዋ እስኪበርድ፣ ስልኮቹም እስኪወርዱ ድረስ አልተነቃነቁም። ሲወጡ ተከትያቸው፣ «ዘመድዎ ናት እንዴ?» አልኳቸው።

«ስሟንም አላውቀው፣ ልጄ» አሉኝ፤ ነጠላቸውን መልሰው እያጣፉ።