የአኮ ልፋፍና የሖር ወረቀት

ወለጋ ተወልዶ ያደገ ሰው በትርጉም ነገር አይቀልድም። ነቀምቴ ላይ «መጽሐፉ ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ «በየትኛው ቋንቋ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተከትሎት ይመጣል። በአንድ ቤት ውስጥ አያት በግዕዝ ታስቀድሳለች፣ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ይዘምራል፣ የልጅ ልጅ በአማርኛ ይጸልይና መሐል ላይ እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋል። ገበታው ግን አንድ ነው። ጾም ሲገባ ብቻ ወጡ ሁለት ይሆናል።

እኛ ይህን አምድ የምንጽፈው ከነቀምቴ፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ መጥተን አዲስ አበባ የተገናኘን ልጆች ነን። የዛሬው ወጋችን ከዚያ ገበታ ተነስቶ አሜሪካ ይሻገራል፣ በግብፅ አድርጎ ወደ ነቀምቴ ይመለሳል። መንገዱ ረዘም ይላልና ታገሱን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ከመካከላችን የአንዱ የአክስት ልጅ ናት። ዲቪ ደርሷት ዩታ ገባች። ዩታ የሞርሞኖች፣ በሙሉ ስማቸው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ ዋና መናኸሪያ ነው። ሶፋ ተሸክመው ያመጡላት፣ ልጇን ትምህርት ቤት ያስመዘገቡላት፣ በረዶ ሲጥል ደጇን የጠረጉላት እነሱ ናቸው። ደግ ሰዎች መሆናቸውን ሳትናገር ስልክ አትዘጋም። ከዕለታት አንድ ቀን መጽሐፍ ሰጧት። በውስጡ «መጽሐፈ አብርሃም» የሚባል ክፍል አለ፤ ከጽሑፉ ጋር ሦስት የግብፅ ሥዕሎች ታትመውበታል። ሥዕሎቹን በስልኳ አንስታ ላከችልንና ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ይሄ ነገር የአኮን ልፋፍ አይመስልም? እኔ ልጠመቅ እያሰብኩ ነው። እስቲ አንብባችሁ ንገሩኝ።»

አኮ አያታቸው ናት። ስለ ልፋፏ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ሥዕሎቹን እንያቸው።

በ1835 ማይክል ቻንድለር የሚባል ሰው አራት የግብፅ በድኖችና ጥቂት የፓፒረስ ጥቅልሎች ይዞ ኦሃዮ ውስጥ ከርትላንድ ወደምትባል ከተማ ገባ። በድን እያሳየ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ነበር። የሞርሞኖች መሪ ጆሴፍ ስሚዝና ባልንጀሮቹ ዕቃውን በ2,400 ዶላር ገዙት። ስሚዝ ከጥቅልሎቹ አንዱ የአባታችን የአብርሃም ጽሑፍ ነው አለ። ትርጉሙን ከሥዕሎቹ ጋር በ1842 በጋዜጣ አወጣው፤ በ1880 ደግሞ ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው ተቆጠረ። ሻምፖሊዮን የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት መፍታት የጀመረው በ1822 ነው። ከ13 ዓመት በኋላም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ያንን ጽሕፈት አንብቦ «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» የሚል ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያው ሥዕል ላይ የአንበሳ ቅርጽ ባለው አልጋ የተጋደመ ሰው አለ። አጠገቡ አንድ ሰው ቆሟል፣ ከላይ ወፍ ትበራለች፣ ከአልጋው ሥር አራት ማሰሮዎች ተደርድረዋል። በስሚዝ ትርጉም የተጋደመው አብርሃም ነው፤ የቆመው ለጣዖት ሊሠዋው የተዘጋጀ ካህን ነው፤ ወፏ የእግዚአብሔር መልአክ ናት። የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት የሚያነቡ ሊቃውንት ግን ሌላ ነገር ያያሉ። የተጋደመው ሞቶ የሚነሳው ኦሳይረስ ነው፤ ሟቹም በእሱ ይመሰላል። የቆመው በድን የሚያዘጋጀው አኑቢስ ነው። አራቱ ማሰሮዎች የሟቹ የሆድ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ናቸው። በ1912 ስፖልዲንግ የሚባሉ የዩታ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሥዕሎቹን ለስምንት ሊቃውንት ላኩ። መልሱ የስሚዝን ትርጉም የሚደግፍ አልነበረም። ሞርሞኖቹም ዋናው ወረቀት በሌለበት በኅትመት ቅጂ አትፍረዱብን አሉ። ወረቀቱ በ1871 በቺካጎው ታላቅ ቃጠሎ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር።

ሁሉም አልጠፋም ነበር። በ1966 አዚዝ ሱርያል አቲያ የተባሉ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኒውዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ወረቀት ሲያገላብጡ የስሚዝን የፓፒረስ ቁርጥራጮች አገኙ፤ ሙዚየሙም በኅዳር 1967 ለቤተ ክርስቲያኗ አስረከበ። አቲያ ማን መሰሏችሁ? ግብፃዊ ናቸው፣ ቅብጥ ኦርቶዶክስ፤ ለብዙ ዘመን ጳጳስ ስትልክልን የኖረችው ቤተ ክርስቲያን ልጅ። ሻምፖሊዮንም ቁልፉን ያገኘው የዚችኑ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ቅብጥኛን በማጥናቱ ነው።

ቁርጥራጮቹ ተነበቡ። ስለ አብርሃም የሚናገር ነገር አልተገኘባቸውም። ያ የመጀመሪያው ሥዕል የተሣለው ሖር ለሚባል ሰው ነው። ሖር ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ገደማ፣ ማለትም ከአብርሃም ዘመን እጅግ ዘግይቶ፣ ቴብስ ላይ የአሞን ካህን ነበር። ጽሑፉ «የመተንፈስ መጽሐፍ» ይባላል። ሟቹ በወዲያኛው ዓለም እንዲተነፍስ፣ እንዲበላ፣ እንዲናገር የሚለምን ነው። ከግራ ክንዱ ሥር፣ ከልቡ አጠገብ እንዲቀመጥም ያዛል። ሁለተኛው ሥዕል ክብ ነው፤ ሸሾንቅ ለሚባል ሌላ ሟች ራሱ እንዲሞቅለት ከራስጌው የሚደረግ ነበር።

ሞርሞኖቹ መልስ የላቸውም ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ የአብርሃም ጽሑፍ የነበረበት ክፍል በቺካጎ ከተቃጠለው ጋር ሄዷል ይላሉ። ሌሎቹ ወረቀቱ መነሻ ብቻ ነበር፣ ቃሉ የመጣው በራእይ ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ በቁርጥራጮቹ ላይ ያለው ጽሕፈት ከመጽሐፈ አብርሃም ጋር እንደማይገጥም አምናለች፤ መጽሐፉ ግን በመንፈስ የተጻፈ ነው ከሚለው እምነቷ አልወረደችም። ራእይን በመዝገበ ቃላት መመዘን አይቻልም። «ይህ ሥዕል ይህን ማለት ነው» የሚል ቃል ግን ይመዘናል።

እኛን ቆም ያደረገን ሦስተኛው ሥዕል ነው። ጠቆር ተደርጎ የተሣለ ሰው አለበት። ስሚዝ «የልዑሉ ባሪያ» ብሎ ስም አወጣለት። ሊቃውንቱ ደግሞ አኑቢስ ነው ይላሉ፤ ሟቹን እጁን ይዞ ወደ ፍርድ የሚያቀርብ አምላክ። ጥቁር ሲያይ ባሪያ የታየው ባርነት ሕግ በነበረበት አገርና ዘመን ለሚኖር ሰው ነው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም በታለፈ። በዚሁ በመጽሐፈ አብርሃም ውስጥ ፈርዖን ከካም ዘር ስለሆነ ከክህነት ተከለከለ የሚል ቃል አለ። ያች ቤተ ክርስቲያን ከ1852 ጀምሮ በይፋ ለጥቁር ክህነት ስትከለክል ያንን ቃል ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱ ነበሩ። ክልከላው የተነሳው በሰኔ 1978 ነው። በ2013 ቤተ ክርስቲያኗ የጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚለውን የድሮ ትምህርት እንደማትቀበል አስታውቃለች። የአክስታችን ልጅ ከ1978 በፊት ዩታ ገብታ ቢሆን ኖሮ ወንድ ልጇ ከጎረቤቶቿ ልጆች ጋር እኩል ለክህነት አይቆምም ነበር።

አሁን ወደ ነቀምቴ እንመለስ። እኛ አገር መጽሐፍ የተረጎመው ራሱ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ሒካ ተብሎ ተወለደ። ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በ1893 አዲስ ኪዳንን፣ በ1899 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። ከጎኑ የነበረችው አስቴር ጋኖ በ1886 ከባሪያ ጫኝ ጀልባ የተረፈች ልጅ ናት። ለትርጉሙ 15 ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት የሰበሰበች እሷ ናት፤ ዝናው ግን ለረጅም ጊዜ ለእሱ ብቻ ሆኖ ኖረ። ሒካ ማለት ተርጓሚ ማለት ነው። ቃሉ መፍታትም ይሆናል። አማርኛም ሕልም ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል፤ ግዕዝ ደግሞ የሟችን ጸሎት ፍትሐት ይለዋል።

ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ሲገባ መጽሐፉ ወዲያው ለፈተና ቀረበ። ፈታኙ ደግሞ ገበሬው ነበር። ሲነበብለት ገባው ወይም አልገባውም፤ ቃሉ ከጠመመ «እኛ እንዲህ አንልም» ይላል። በ1906 ካህናት ከሰሱትና ጉዳዩ ግብፃዊው አቡነ ማቴዎስ ፊት ደረሰ። ምኒልክ ነቀምቴ እንዲኖር ፈቀዱለት፣ እንዳይሰብክ ግን ከለከሉት። ከሳሾቹም ደጋፊዎቹም መጽሐፉን ገልጠው መከራከር ይችሉ ነበር። ለአንድ ትርጉም ከዚህ የበለጠ ክብር እኛ አናውቅም።

የአኮ ልፋፍስ? ልፋፈ ጽድቅ በግዕዝ የተጻፈ፣ ከሟች ጋር የሚቀበር ጽሑፍ ነው። ማርያም ዘመዶቿን ከእሳት የሚያድን ምስጢር ልጇን ስትጠይቅ፣ የተሰወሩ የእግዚአብሔር ስሞችም ሲገለጡላት ይተርካል። እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1929 ሲያሳትመው «የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ» አለው፤ ሥሩም ግብፅ ነው ብሎ ገመተ። ግምቱ ያከራክራል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ጽሑፉን የማይቀበሉ አሉ። አኮ ግን ቁመቷን የሚያህል የብራና ጥቅልል በሳጥኗ አኑራ «ከእኔ ጋር ይውረድ» ብላ ነበር።

ስታርፍ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የመካነ ኢየሱስ ቄስ የሆነው ልጇ «ይህ አስማት ነው፣ ከእናቴ ጋር አፈር አይገባም» አለ። ወንድሙ ደግሞ «የሟች ቃል ነው» አለ። ድንኳን ውስጥ ድምፅ ከፍ ማለት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ መሪጌታ «ለመሆኑ ያነበበው አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አላነበበውም። ሌሊቱን መሪጌታው ከግዕዝ ወደ አማርኛ፣ ቄሱ ልጅ ራሱ ደግሞ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰ ለለቀስተኛው ተነበበ። ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ የአኮ የክርስትና ስም ነበር፤ ከሥሩ ግን የተፋቀ የሌላ ሰው ስም አለ። የማን እንደነበረ ያወቀ አልተገኘም። ሲነጋ ቄሱ «እኔ በዚህ አላምንም። እናቴ ምን ስትለምን እንደኖረች ግን ዛሬ ሰማሁ። አብሯት ይውረድ» አለ። ወረደ።

ለአክስታችን ልጅ የጻፍንላት ይህንኑ ነው። «ትክክል አይተሻል፤ ሥዕሉ የአኮን ልፋፍ ይመስላል፣ ምክንያቱም ሥራው አንድ ነው። መጠመቅ አለመጠመቅ ያንቺ ነው፤ ጎረቤቶችሽም ደግነታቸው የራሳቸው ነው፣ በፓፒረስ አይፈርስም። ግን ውኃው ውስጥ ከመግባትሽ በፊት አብረሻቸው ተቀምጠሽ ስለ ሥዕሉ ጠይቂያቸው። ያ ጥቁር ሰው ማን ነው? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? ሳይቆጡ የሚመልሱልሽ ከሆነ ከእነሱ ጋር መነጋገር ይቻላል ማለት ነው።»

በዚህ ሁሉ ሙግት ውስጥ የተረሳ አንድ ሰው አለ። 130 ዓመት ሙሉ ስለ አብርሃም ሲጨቃጨቁ ሖር የሚባል ካህን ስሙ እንዳይጠፋ የለመነበት ወረቀት መሆኑን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነበር። ደጋፊው ነቢይ ፈለገበት፣ ተቃዋሚው ሐሰተኛ ነቢይ ፈለገበት። ስሙ ግን እዚያው ተጽፎ ነበር፣ የሚያነብ ነው የጠፋው።

በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በነጆም የአያቶቻችን ሳጥን አሁንም አልተራገፈም። ግማሻችን ጥቅልሉን «አስማት ነው» ብለን ልናቃጥል፣ ግማሻችን «ቅዱስ ነው» ብለን ሳንገልጥ ልንስም፣ አንዳንዶቻችንም ለቱሪስት ልንሸጥ እንቸኩላለን። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ፈልጉና አስነብቡት። መቀበሉም መቃወሙም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።