ስለ ተረሳ ቁልፍ

ሰው ንብረቱን ከሌባ ይጠብቅ ዘንድ ቁልፍን አበጀ፤ ቁልፉ በጠፋ ጊዜ ግን ባለቤቱ ራሱ እንደ ባዕድ ከደጁ ቆሞ ይቀራል። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተሻገረ ጊዜ ደግሞ ቁልፉ ብረት መሆኑ ቀርቶ ቃል ሆነ፤ ይኸውም የይለፍ ቃል የሚባለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፌርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች እንዲካፈሉት ሲያደርጉ፥ ለየሰዉ የይለፍ ቃል ሰጡት። በ1962 ግን አንድ ተመራማሪ የሁሉን ቃል የያዘውን ዝርዝር በወረቀት አትሞ አወጣው። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ሊቃውንት ቃሉን እንዳለ ማኖር ትተው በስሌት ፈጭተው ማስቀመጥን ለመዱ። የተፈጨ ጤፍ ወደ ፍሬነት እንደማይመለስ ሁሉ፥ የተረሳ የይለፍ ቃልም ይለወጣል እንጂ ተፈልጎ አይገኝም።

ይህን ነገር በደብረ ማርቆስ በአንድ መሥሪያ ቤት በዓይኔ አየሁት። የገበሬው የመሬት ይዞታ የተጻፈበት ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ፕሮግራም ይሠራ ነበር። የአስተዳዳሪነቱን ቃል ያውቅ የነበረው ሠራተኛ ወደ ሌላ ስፍራ ከተዛወረ ቆይቷል፤ በስልክ ቢጠየቅም ዘንግቶታል። አንዳንዶች፥ «ሁሉን ደምስሰን እንደ አዲስ እንጀምር» እስከ ማለት ደረሱ። በዚያው ቀን ከጎዛምን ደጋ ለውርስ ጉዳይ የመጡ አንዲት አሮጊት ይህን ሰምተው፥ «ልጄ፥ መሬቴ ጠፋ ማለት ነው?» አሉኝ። «አልጠፋም እናቴ፤ ተቆልፎበት ነው» አልኋቸው።

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በታወከ ጊዜ፥ ገበሬው ከፈራቸው ነገሮች አንዱ የመሬቱ መለካት ነበር። በ1997 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የይዞታ ደብተር በሕግ ጸና። እንግዲህ መዝገቡን መደምሰስ በብዙ ዘመን የመጣውን እምነት መደምሰስ ነው።

ስለዚህ አለቃው በጽሑፍ ፈቀዱ፥ ሁለት ምስክሮችም ቆሙ። አስቀድመን ፕሮግራሙን አቁመን የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ዕቃ አኖርን። ቀጥሎም የመረብ ገመዱን ነቀልን፤ ፕሮግራሙ የፈቃድ ሠንጠረዦቹን ሳያይ ሲነሣ ለመጣው ሁሉ ደጁ ክፍት ነውና። ከዚያ ሠንጠረዦቹን ዳግመኛ እንዲያነብ አዘን አዲስ ቃል ሰጠነው፤ አጥፍተንም እንደ ወትሮው አስነሣነው። አዲሱን ቃል በተቀበለ ጊዜ የአሮጊቲቱ ስም፥ የማሳቸውም ስፋት እንደ ነበረ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ሁለት ቁም ነገር ያስተምራል። አንደኛው፥ የይለፍ ቃል የሚከለክለው ሩቅ ያለውን ነው፤ ከመኪናው ፊት ተቀምጦ ማዘዝ የሚችለውን ሰው የሚከለክለው የክፍሉ በርና የሰዉ ታማኝነት ብቻ ነው። ሁለተኛው፥ የሕዝብ ቁልፍ በአንድ ሰው ልቡና ብቻ ሊኖር አይገባውም። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ሙዳየ ምጽዋት ለብዙ ሰዎች ቁልፉን አካፍለው ያስጠብቁ ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። እኛም ቃሉን በታሸገ ፖስታ ከካዝና ብናኖረውና የሚከፈትበትን ሥርዓት ብንጽፍለት፥ ሹም ቢሻር፥ ጸሐፊ ቢዛወር፥ የድኻው መዝገብ ከደጅ አይቀርም።