የሻይ ቤቱ ንግሥቶች

ውጫሌን የሚያውቅ ሰው አውራ ጎዳናውን ያውቃል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ ቆም ሲል ሻይ ቤቶቹ ይሞላሉ፤ የቀረፋና የቅርንፉዱ ሽታ ከናፍጣው ጢስ ጋር ይደባለቃል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የተሳለች ሴት መጀመሪያ ያየሁት ከነዚያ ሻይ ቤቶች ባንዱ ግድግዳ ላይ ነው። ባለቤቲቱን እትዬ ነበር የምንላት። «ጠጋ ብለህ እይ፤ በእጅህ ግን እንዳትነካ» ትለኝና ትኩስ ዳቦ ትቆርስልኛለች።

ሸራው በትንንሽ ክፍሎች የተሸነሸነ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነበር። እንዲህ ያለውን፣ ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ያለውን ሥዕል፣ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ለውጭ አገር ሰው ይሸጡት እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ያኔ ዐይኔ ዘንዶው ላይ ነበር። ደሙ ጠብ ብሎባት የንግሥቲቱ የማክዳ እግር ይበላሻል፤ ሰሎሞን ደጃፍ ስትደርስ ይድናል። ራቱ ላይ በርበሬው ይበዛባታል፤ ሌሊት ውሃ ስታነሳ ንጉሡ ይይዛታል። እዚህ ስደርስ እትዬ «እሱን እለፈው» ትላለች።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ሐጂ ሻይ ሊጠጡ ገብተው አጠገቤ ቆሙ። «አብሽር ልጄ፣ ይቺማ ብልቂስ ናት» አሉኝ። እሳቸው በሚያውቁት ታሪክ ንግሥቲቱ የሱለይማን ቤተ መንግሥት የመስተዋት ወለል ውሃ ይመስላትና ልብሷን ሰብስባ እግሯን ትገልጣለች። እትዬ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ሰማቻቸውና «በኛም በናንተም ጣጣዋ እግሯ ነው!» ብላ ሳቀች። የሐጂን ሒሳብም አልተቀበለችም።

ፊት ለፊቱ ደግሞ የአድዋ ጦርነት ሥዕል ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ፣ እቴጌ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው ከምድር። የኛ ሰው በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ጠላት በጎን ስለሚሳል አንድ ዐይን ብቻ አለው። ለዚህ ጦርነት መነሻ የሆነውን፣ እዚሁ አጠገባችን ይስማ ንጉሥ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል እቴጌይቱ እንዴት እምቢ እንዳሉ የሰማሁት ከመምህር በፊት ከእትዬ ነው።

ዛሬ ሻይ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ነው። እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ሙዚየም ውስጥ አይቻለሁ፤ መብራቱም አያያዙም ያምራል። «ይቺማ ብልቂስ ናት» የሚል ሰው ግን አጠገብህ አይቆምም።

እናንተም ቤት ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ ሥዕል ካለ ዘርጉትና ልጆቹን ጥሩ። ጎረቤትም ጥሩ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ይተርክላቸው።