በዓባይ ግርጌ፤ አራት ሌሊት በመርከብ

የዓባይን ራስጌ የሚያውቅ ሰው ግርጌውንም ለማየት ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛም በጣና ዳር ያደግን ስለ ሆንን፤ ይህ ምኞት ከብዙ ዘመን ጀምሮ በልባችን ሲመላለስ ቆይቶ፤ በ2018 ዓ.ም. የልደት በዓል ካለፈ በኋላ ከባለቤታችንና ከዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችን ጋር ወደ ግብፅ ተጓዝን። ከካይሮ እስከ ሉክሶር ሌሊቱን በባቡር አደርን። ከሉክሶር እስከ አስዋን ያለውን፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን መንገድ ግን ለሽርሽር በተሠራ መርከብ በአራት ሌሊት ፈጸምነው። ስለ ፈርዖኖች መቃብርና ስለ ቤተ መቅደሶቻቸው ከእኛ የተሻሉ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋልና ያንን አንደግምም። እዚህ ልናነሣው ያሰብነው በመርከቡ ላይ ስለሚያገለግሉት ሰዎችና ተሳፋሪዎች ስለ እነርሱ ስለሚሰጡት አስተያየት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ አዲስ አይደለም። ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ አስጐብኚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ይዞ በእንፋሎት መርከብ ዓባይን ወጥቷል። በስሙ የተጠራው ኩባንያ በ2019 ከስሮ ቢዘጋም፤ የተከለው ልማድ ግን እስከ ዛሬ አለ። የዛሬዎቹ መርከቦች ከሩቅ ሲታዩ ከመርከብ ይልቅ በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ይመስላሉ። ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ወንዙ በየስፍራው ደለል አለበትና። የምግቡ አዳራሽ ከሁሉ በታች ስለ ሆነ፤ ሰው ሾርባውን ሲጠጣ የወንዙ ውኃ በመስኮቱ በኩል ከክንዱ ጋር ትክክል ሆኖ ያልፋል። ከላይ በሰገነቱ ላይ ደግሞ የመዋኛ ገንዳና ፀሐይ የሚሞቁባቸው ወንበሮች ተደርድረዋል።

በወደብ ሲቆሙ መርከቦቹ እንደ ታሰሩ በቅሎዎች ጎን ለጎን ይጠጋጋሉ። ስለዚህ ወደ ራስ መርከብ ለመድረስ በሁለትና በሦስት ሌሎች መርከቦች የእንግዳ መቀበያ ውስጥ ማለፍ ግድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ከልጃችን ጋር በከተማው ተዘዋውረን ስንመለስ፤ በበሩ የቆመው ዘበኛ አየን፤ አየንና ሠራተኞች በየት በኩል እንደሚገቡ በእጁ አመለከተን። የክፍላችንን ቁልፍ ባሳየነው ጊዜ ደነገጠ፤ ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎም ደጋግሞ ይቅርታ ለመነ። ይህን የጻፍነው ለወቀሳ አይደለም። በመርከቡ ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ኑብያውያን ናቸው፤ መልካቸውም ከእኛ መልክ ጋር በጣም ይቀራረባል። ልጃችን ግን፤ «የሠራተኞቹ በር ለምን ሌላ ሆነ?» ብላ ጠየቀችን፤ በዚያ ሰዓት የምንመልስላት አጣን።

ከዚያ ምሽት በኋላ ዘበኛው ባየን ቁጥር «ባሻ» እያለ ይጠራን ጀመር። በግብፅ ይህ ለማንኛውም የተከበረ ሰው የሚሰጥ ጥሪ ነው። በእኛም አገር የቀድሞ የማዕርግ ስም መሆኑን አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ያስታውሱ ይሆናል፤ ሁለቱም ከቱርክ የወረዱ ናቸው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ እንግባ። መሪዎቹ «ራይስ» ይባላሉ። ጀላቢያቸውን ለብሰው ከመሪው ፊት ይቀመጣሉ፤ የወንዙንም ደለል እንደ መጽሐፍ ያነባሉ። ከተሳፋሪ ጋር ብዙ አይነጋገሩም፤ ማንም ስለ እነርሱ ቅሬታ ሲያቀርብ አልሰማንም። ቅሬታና ምስጋና የሚወርድባቸው አሳላፊዎቹና ክፍል የሚያሰናዱት ሰዎች ናቸው። ደመወዛቸው ትንሽ በመሆኑ ኑሯቸው የተመሠረተው ከጉዞው መጨረሻ በሚሰጠው ጉርሻ ላይ ነው። በመጨረሻው ምሽት በየክፍሉ ፖስታ ይቀመጣል፤ ተሳፋሪው የፈቀደውን ጨምሮ በእንግዳ መቀበያው ባለው ሣጥን ይከታል፤ ገንዘቡም ለሁሉ ይከፋፈላል። ከፖስታው ጋር አብሮ የሚመጣ መጠይቅ አለ። ምግቡ፤ ክፍሉ፤ የሠራተኞቹ ጠባይ እያለ እያንዳንዱን «እጅግ መልካም» ከሚለው ጀምሮ «ደካማ» እስከሚለው ድረስ በምልክት ያስመዝናል። ቅሬታ ያለው ሰው ከዚያ በፊትም ቢጠይቅ ይሰጠዋል።

በቋንቋችን ጉርሻ ማለት በመጀመሪያ ወዳጅ ለወዳጁ በእጁ የሚያጎርሰው ምግብ ነው። ላገለገለ ሰው ከዋጋው በላይ የሚሰጠውም ገንዘብ በዚያው ስም ይጠራል። ግብፃውያን «ባቅሺሽ» ይሉታል፤ ከፋርስ የመጣ ቃል ሲሆን ስጦታ ማለት ነው። የእኛው ቃል የሚሻል ይመስለናል፤ አጉራሹ የጎራሹን ፊት ሳያይ ማጉረስ አይችልምና።

በገበታችን ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ከእኛ ከሦስታችን ሌላ፤ ከጀርመን የመጡ ጡረታ የወጡ አስተማሪና እኅታቸው፤ አዲስ ሙሽሮች የሆኑ ሁለት ሕንዳውያን፤ አንድ የካይሮ ሐኪምና ባለቤታቸው አብረውን ይመገቡ ነበር። ሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ጨዋታው ስለ አሳላፊዎቹ ሆነ።

ጀርመናዊቷ አስተማሪ፤ «በአገሬ አሳላፊ ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ ፊቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ስሜንም፤ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቴንም በማግሥቱ ዐወቁት። ነገር ግን ፈገግታው ለእኔ ይሁን ለፖስታው ለይቼ ማወቅ አቃተኝ» አሉ።

ሕንዳዊው ሙሽራ ሣቀ። አባቱ አርባ ዓመት ሱቅ ጠብቀዋል፤ ለገባው ሁሉ ፈገግ ይሉ ነበር። «ፈገግታው ከልብ ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው ደንበኛ አልነበረም። ዕቃው ደኅና መሆኑን ብቻ ይመለከቱ ነበር» አለ።

የሐኪሙ ባለቤት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። ኋላ ግን፤ «ሾርባው በመጀመሪያ ለየትኛው ገበታ እንደሚመጣ ቍጠሩ» አሉን። «ለፈረንጆቹ ነው። የአገሩ ሰው ይቈያል፤ ጉርሻው ያንሳል ብለው ገምተዋልና። በእኛ ገበታ ቶሎ የምንበላው እነዚህ ሁለት እመቤቶች ስላሉ ነው።» ሐኪሙ ነገሩን ለማብረድ፤ ባሳላፊዎቹ መፍረድ እንደማይገባ፤ አንድ የውጭ አገር ሰው ጥሎት የሚሄደው ዶላር የአንድ ቤት የሳምንት ቀለብ እንደሚሆን ተናገሩ። ቀጥሎም ወደ እኛ ዞር ብለው በፈገግታ፤ «እናንተስ ግድባችሁን መርቃችሁ መጣችሁ፤ ከሥራችን ያለው ውኃ አሁንም የናንተ ነው ወይ?» አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ ማለታቸው ነው። ባለቤታችን፤ «ሾርባው ይምጣና እንነጋገርበታለን» ብትላቸው ገበታው ሁሉ ሣቀ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

እኛ ግን ከዚያ በኋላ ሾርባውን መቍጠር ጀመርን። በሦስት ገበታ ጊዜ ሁለቱን እንደ ተባለው ሆኖ አገኘነው።

ወደ ኢስና የደረስነው በመሸ ጊዜ ነው። እዚያ ወንዙ በግድብ ስለ ተከለለ፤ መርከቦች ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ጠባቡ የመተላለፊያ በር ይገባሉ፤ ውኃው ከሥራቸው እየሞላ ከፍ ያደርጋቸዋል። ተራ ስንጠብቅ ነጋዴዎች በትንንሽ ታንኳ ከበቡን፤ ጀላቢያና የገበታ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ሰገነቱ ይወረውሩ ጀመር። የወደደ ገንዘቡን በዚያው ላስቲክ ውስጥ አድርጎ ይመልሳል፤ ያልወደደ ዕቃውን ይወረውርላቸዋል። ማንም ሲያጭበረብር አላየንም። ከመርከቡ አገልግሎት ሁሉ ልጃችንን ያስደሰታት ይህ የመርከቡ ያልሆነው ገበያና፤ ክፍላችንን የሚያሰናዳው ሰው በየቀኑ ከፎጣ አጣጥፎ በአልጋዋ ላይ የሚተውላት እንስሳ ነበር። አንድ ቀን አዞ፤ አንድ ቀን ዝንጀሮ። የጀርመናዊቷ እኅት ግን፤ «ፎጣ ከሚያጣጥፍ አቧራ ቢጠርግ ይሻል ነበር» ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ሌሊት የጀላቢያ ምሽት ተደረገ። ባለቤታችን በአገር ልብስ አጊጣ ወጣች፤ በጨዋታው መካከል ከርከዴ የተባለው ቀይ መጠጥ በነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። ለክፍል አሰናጁ ሰጠነው፤ እንዲያሳጥብልን ተቀብሎን ሄደ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ከርከዴው ለቋል፤ ነገር ግን የጥለቱ አረንጓዴ ቀለም ወደ ነጩ ፈስሶ ጫፉን ሁሉ አበላሽቶታል። ነጠላው የባለቤታችን እናት ለሸማኔ አዝዘው ያሠሩት ነበር። በቍጣ ወርደን ለሥራ አስኪያጁ ተናገርን። እሱም በትሕትና አዳመጠን፤ ዋጋው ከሠራተኛው ደመወዝ እንደሚቈረጥ ነግሮ መጠይቁን ሰጠን። «የክፍል አገልግሎት» በሚለው ፊት «ደካማ» ብለን ምልክት አደረግን፤ ሦስት መሥመር ጨመርንበት፤ በተቈለፈው ሣጥንም ከተትነው።

ኮም ኦምቦ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ለአዞው አምላክ ለሶቤክና ለሐሮኤሪስ የተሠራውን መንታ ቤተ መቅደስ ለማየት ወረደ። እኛ በሰገነቱ ላይ ቀረን። ክፍል አሰናጁ ሻይ ይዞ መጣ፤ ወዲያው አልሄደም። በምሥራቅ በኩል ወዳለው መብራት እያመለከተ፤ ቤቱ በዚያ እንደ ሆነ፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በዚያ እንደሚኖሩ በሚችለው እንግሊዝኛ ነገረን። መርከቡ በየሳምንቱ ሲወጣና ሲወርድ እዚህ ይቆማል፤ እሱ ግን ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ክፍሎቹን ማሰናዳት ስላለበት አይወርድም። ቤቱን ካየ አምስት ሳምንት ሆኖታል።

የአያቱ መንደር በዚህ አልነበረም። የአስዋን ታላቅ ግድብ ከ1960 እስከ 1970 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲሠራ፤ ውኃው የኑብያን ምድር የሚያጥለቀልቅ ስለ ሆነ፤ በ1963 እና በ1964 ሃምሳ ሺሕ ያህል የግብፅ ኑብያውያን ከመንደራቸው ተነሥተው በኮም ኦምቦ አካባቢ ሰፈሩ። አዲሱ ሰፈር ከወንዙ የራቀ ነበር። አያቱ እስኪሞቱ ድረስ ማለዳ ማለዳ ከቤት ወጥተው ውኃው ወደ ነበረበት አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር አለን፤ በዚያ አቅጣጫ ግን የነበረው የጎረቤት ግንብ ነው።

ስለ ነጠላው የተናገረው በመጨረሻ ነው። ያጠቡት የልብስ አጣቢዎቹ ናቸው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን ብሎ ነግሯቸው ነበር። ሆኖም ከእጃችን የተቀበለው እሱ ስለ ሆነ ተጠያቂው እሱ ነው። «አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ ባሻ፤ የሚቀር ቅሬታ ቢኖር በወረቀት ከመጻፉ በፊት ለእኔ ንገሩኝ። ወረቀቱ ካይሮ ይሄዳል። ለሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚቀር በእሱ ነው የሚወሰነው» አለ። እኛም መጻፋችንን ነገርነው። ራሱን ነቀነቀና የሻዩን ብርጭቆ አንሥቶ ወረደ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለስን። ሣጥኑን የሚከፍተው ከኩባንያው የሚላክ ሰው ብቻ ነው። ሌላ መጠይቅ ብንጠይቅ ለአንድ ክፍል አንድ ነው አለ። የልብስ አጣቢዎች ስም በመጠይቁ ላይ ለምን እንደሌለ ጠየቅነው፤ ተሳፋሪ ስለማያያቸው ነው ብሎ መለሰ። እውነትም የመጠይቁ ጉድለት ይህ ይመስለናል፤ የሚታየውን ሰው ብቻ ይመዝናል። ባለቤታችን ግን በዚህ ከእኛ ጋር አልተስማማችም። «ሰውየውን አልጠላሁትም፤ ነጠላው ግን ተበላሽቷል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ለማን እንደሚደርስ ማወቅ የእነሱ ሥራ ነው» አለች። ይህም ቢሆን ውሸት አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ ልጃችንን አይቶ፤ እሷም ተሳፋሪ ናት ብሎ አንድ መጠይቅ ለእሷ ሰጣት። በሁሉም ፊት «እጅግ መልካም» አለች፤ በምግቡም ጭምር፤ ምግቡን ሳትወደው። በጀርባው የፎጣውን አዞ ሣለች። እኛም ከሥር ነገሩን ዘርዝረን፤ ጥፋቱ የአሰናጁ እንዳልነበረ፤ ከደመወዙም እንዳይቈረጥ ጽፈን ፈረምንበት።

በአስዋን፤ በመጨረሻው ሌሊት፤ ፖስታውን በሣጥኑ ከተትን። ለአሰናጁ ደግሞ ለብቻው በእጁ ልንሰጠው ስንሄድ በክፍላችን በር ላይ አገኘነው። ነጠላውን ለምኖ ወስዶት ነበር፤ ሌሊቱን በሎሚና በጨው ራሱ አጥቦት ኖሯል። አረንጓዴው ፈዝዟል እንጂ አልለቀቀም። ገንዘቡን ሳይመለከት ተቀበለ፤ ልጃችንንም በስሟ ጠርቶ ተሰናበታት።

በማለዳ ስንወርድ የአዲሶቹ መንገደኞች ሻንጣ በሌላው ወገን እየገባ ነበር። ሐኪሙና ባለቤታቸው በመንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁን። እመቤቲቱም፤ «በመጠይቁ ላይ ምን ጻፋችሁ?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታችን፤ «ሁለት ነገር» አለቻቸው፤ ነጠላውንም የፈዘዘው ጫፍ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጥፋ ለብሳ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድን።