ወናፍ ያለው ሞተር

ትናንት ከአዲስ ዘመን ተነስተን የጣራ ገዳምን ደን ተሰናብተን በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ገባን። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቱርቦ ያላት የጓደኛዬ ራይዝ መኪና ግን በሦስት ሲሊንደር ዳገቱን ቀጥ ብላ ወጣችው፤ 996 ሲሲ፣ 98 የፈረስ ጉልበት።

ቱርቦ ወናፍ ነው፤ የሚነፋው ግን ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት እዚሁ ቅርብ ስለሆነ ይሆናል ወናፉ የታወሰኝ።

የሚያሳስበኝ ዳገት ጨርሶ ወዲያው ሞተር የሚያጠፋ ሹፌር ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ ዘይቱ መዘዋወሩን ያቆምና በጋለው ዘንግ ላይ ይከስላል። ውሎ አድሮ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቦታ ይበላል፤ መኪናው ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስም ማውጣት ይጀምራል። ያኔ ቱርቦ መቀየር ነው፤ ዋጋው ደግሞ ያማል።

እባካችሁ፣ ከዳገት በኋላ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ አቆዩት። ዘይቱን በጊዜው ቀይሩ። በበጋው አቧራ ደግሞ የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ እዩት።