ወደ ታይ ሻን ተራራ የአንድ ቀን ጉዞ

ከቻይና አገር ተራሮች ሁሉ በክብር የቀደመው በምሥራቅ በኩል በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ታይ ሻን ነው። «ሻን» ማለት በቻይናዎች ቋንቋ ተራራ ማለት ነው። ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ አራቱን በአራቱ ማዕዘን ፣ አንዱን በመካከል አድርገው አምስት ታላላቅ ተራሮችን ለይተው ያከብራሉ። ታይ ሻን ፀሐይ በምትወጣበት በምሥራቅ ያለው ስለ ሆነ የአምስቱ አለቃ ተብሎ ይቈጠራል። ቁመቱን ለሚጠይቀን አንባቢ ግን መልሳችን ሳያስገርመው አይቀርም ፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ስለ ሆነች እንጦጦን ትተን የሰፈራችን ሜዳ እንኳ ከእርሱ ይበልጣል። ዳሩ ግን በሥሩ ያለችው የታይአን ከተማ ከፍታዋ 150 ሜትር ያህል ብቻ ነው ፤ ተራራውም ከዚያ ዝቅተኛ ሜዳ ተነሥቶ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ፣ ከሥሩ ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያየው ሰው በእውነት ታላቅ ነው።

ክብሩን ያገኘው ከቁመቱ ይልቅ ከታሪኩ ነው። ቻይናን አንድ አድርጎ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የተባለው ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ዓመት ወደዚህ ተራራ ወጥቶ በጫፉ ላይ ለሰማይ ፣ በሥሩ ደግሞ ለምድር መሥዋዕት አቅርቧል። ከእርሱም በኋላ የተነሡ አንዳንድ ነገሥታት መንግሥታቸው የጸና መሆኑን ለሕዝቡ ለማሳየት ይህንኑ ሥርዓት ፈጽመዋል ፤ የመጨረሻው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1008 የወጣው የሶንግ ንጉሥ ዠንዞንግ ነው። ሊቁ ኮንፊዩሺየስም የተወለደበት ቹፉ ከተማ ከዚህ ብዙ አይርቅም ፤ በዚህ ተራራ ላይ በቆመ ጊዜ ዓለም ሁሉ ትንሽ ሆና እንደ ታየችው ይተርኩለታል። ዩኔስኮ ተራራውን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሥዕሉም ቻይናዎች በየቀኑ በሚገበያዩበት በባለ አምስት ዩዋን ገንዘብ ጀርባ ላይ ታትሞ ይታያል።

እኛ ወደዚህ ስፍራ የደረስነው በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አጋማሽ ነው። የበኩር ልጃችን በሻንዶንግ ዋና ከተማ በጂናን ትምህርት ላይ ስላለች ፣ ሁለት ዓመት ያህል ሳናያት ቈይተን እናቷና ታናሽ ወንድሟ አብረውን ሄደን ልንጠይቃት ቻልን። አገሩን ለማየት የነበረን ፍላጎት ብዙ ነበረ ፤ ነገር ግን ከፍላጎቱ በታች ለማንም ያልነገርነው አንድ ሐሳብ ነበረብን። ልጅ ከቤተ ክርስቲያኗ ርቃ ፣ ጾምና በዓል በማይታወቅበት አገር ፣ ከማይመስሏት ጋር በአንድ ማዕድ ስትኖር ምን ሆና ይሆን ? ይህን ጥያቄ እናቷ በየሌሊቱ ታነሣው ነበር። በስልክ ጠይቀን «ደኅና ነኝ» የሚል መልስ ከማግኘት በቀር ሌላ የምናውቀው አልነበረም።

ዕለቱ ዓርብ ነበረ ፤ ወራቱም ጾመ ጽጌ ነው። ልጃችን ከመምህራኗ ፈቃድ ተቀብላ በማለዳ ወደ ባቡር ጣቢያ ወሰደችን። ቤይጂንግንና ሻንግሃይን የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር ከ2011 ጀምሮ በዚህ መሥመር ስለሚሄድ ከጂናን እስከ ታይአን ያለውን መንገድ በሃያ ደቂቃ ያህል ጨረስነው። ታናሽየው ልጃችን በመስኮት የሚያልፉትን የስንዴና የበቆሎ እርሻዎች ቈጥሮ ሳይጨርስ ውረዱ ተባልን። ከከተማው ደግሞ የተራራው አውቶቡስ በጠመዝማዛ መንገድ እስከ እኩሌታው አድርሶ «ዦንግ ትየን መን» ማለትም የመካከለኛው የሰማይ በር በሚባለው ስፍራ ላይ ያወርዳል። መንገዱን ሁሉ በእግሩ የሚወጣ ሰው ከ6,000 በላይ የድንጋይ ደረጃ ይረግጣል ፤ ጉልበቱ የማይፈቅድለት ግን ከዚህ ስፍራ በገመድ በሚሳብ ተንጠልጣይ ሠረገላ ወደ ላይ ይሄዳል። የልጆቹ እናት ጉልበቷን ስለሚያማት በሠረገላው ሄደች ፤ እኛ ከሁለቱ ልጆች ጋር በእግራችን ጀመርን።

መንገዱ በጥድ ጥላ ሥር ያልፋል። በግራና በቀኝ ያሉት ቋጥኞች በየዘመኑ በተቀረጹ ጽሑፎች የተሞሉ ናቸው። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ልጃችን አንዳንድ ያረጁ ጥዶችን አሳየችን። ቺን ሺ ኋንግ በዝናም ተይዞ ከዛፍ ሥር በተጠለለ ጊዜ ስለ ውለታው ለዛፉ የሹመት ማዕርግ ሰጠው ይባላል። አሁን የሚታዩት ዛፎች በ18ኛው መቶ ዓመት እንደ ገና የተተከሉ ናቸው ፤ ማዕርጋቸው ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም። ታናሽ ወንድሟ ይህን ሰምቶ ብዙ ሳቀ።

ከዚህ በኋላ ነው «አሥራ ስምንቱ መጠምዘዣ» የሚባለው ዳገት የሚመጣው። 1,600 የሚያህሉ ደረጃዎች በሁለት ተራሮች መካከል እንደ መሰላል ቀጥ ብለው ይታያሉ ፤ በጫፋቸውም «ናን ትየን መን» የሚባለው ቀይ የደቡብ የሰማይ በር እንደ ትንሽ ሣጥን ይመስላል። ጐብኚው ሁሉ ሃያ ደረጃ ወጥቶ ይቆማል ፤ ውኃ ይጠጣል ፤ ፎቶግራፍ ይነሣል ፤ እንደ ገና ሃያ ይወጣል። እኛም የቆምንበት ጊዜ ከሄድንበት የሚያንስ አልነበረም።

በዚህ ዳገት ላይ ሸክም ተሸካሚዎችን አየን። በትከሻቸው ላይ አንድ ረጅም እንጨት አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ሸክሙን እኩል ያንጠለጥላሉ። የገመዱ ሠረገላ ሳይሠራ በፊት በተራራው ጫፍ ላይ ያለው ምግብ ፣ ውኃ ፣ የቤት መሥሪያው ድንጋይና ብረት ሳይቀር በእነዚህ ሰዎች ትከሻ የወጣ ነው። ዛሬ ቍጥራቸው አንሷል ፤ ሥራው ግን አልጠፋም። ደረጃውን ቀጥ ብለው አይወጡትም ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያጋደሉ ይሄዳሉ ፤ በመዞሪያውም ላይ እንጨቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። መንገዳቸው ከእኛ መንገድ የረዘመ ሲሆን ፣ በየስፍራው እኛ ስንቆም እነርሱ ባለመቆማቸው ቀድመውን ሄዱ። ፌንግ ጂትሳይ የተባለው የቻይና ደራሲ ስለ እነዚህ ተሸካሚዎች የጻፈው ጽሑፍ በአገሩ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ገብቶ ብዙ ሕፃናት ተምረውበታል። ለመምህርነት ሥራ የቆምን እኛም ምክንያቱ ወዲያው ገባን።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ፣ ዕድሜው ከ50 የሚያልፍ ሰው ፣ ሸክሙን አሳርፎ ላቡን ሲጠርግ ልጃችን በቋንቋው ሰላምታ ሰጠችው። እንደ አባት አክብራ ፣ ዝቅ ብላ ነበር ያነጋገረችው። ሰውየውም ደስ ብሎት ሁለት ልጆቹን በዚህ እንጨት እንዳስተማረ ነገራት። ቻይናዎች የሚከበረውን ሰው ሳያውቅ የሚያልፈውን «ዐይን እያለው ታይ ሻንን ያላየ» ይሉታል። ልጃችን ይህን ተረት ተርጕማ ለወንድሟ ስትነግረው ሰማን ፤ ምሳሌውን ያመጣችው ስለ ተራራው ሳይሆን ስለ ተሸካሚው ነበረ። አንደኛው የልብ ሸክማችን በዚያ ደረጃ ላይ ቀለለ።

ከደቡቡ በር አልፈን ከልጆቹ እናት ጋር ተገናኘንና ወደ ጫፉ ሄድን። በመንገድ ላይ የታንግ ንጉሥ ሹዋንዞንግ በ726 ያስቀረጸው ፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ በወርቅ ቀለም የደመቁ ፊደላት ያሉበት ታላቅ ቋጥኝ አለ። ከዚያ በላይ ፣ በጫፉ አጠገብ ፣ አንዲት ፊደል እንኳ ያልተጻፈበት ረጅም የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ማን እንዳቆመው ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ልጆቹ ከወርቁ ጽሑፍ ይልቅ ባዶውን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

በዚያ ስፍራ የቻይናዎች ቤተ ጣዖት አለ። በተለይ ብሺያ ዩዋንጁን የምትባለውን አምላካቸውን ልጅ ያጡ እናቶች ይለምኗታል። ሰዎች ዕጣን እያጨሱ ሲሰግዱ ፣ በሰንሰለቱም ላይ ቀይ ጨርቅና ቍልፍ ሲያስሩ አየን። እኛ ከደጁ ውጭ ቆምን። ታናሹ ልጃችን ዕጣኑ ሸቶት ፣

«አባባ ፣ እነዚህ ሰዎች የሚለምኑት ምንድን ነው ?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ መልስ ሳናዘጋጅ እኅቱ ቀደመችን። «የሚለምኑትማ እማማ የምትለምነውን ነው ፤ ልጅ ፣ ጤና ፣ ለሽማግሌዎች ዕድሜ። የምንለምነው አምላክ ግን አንድ አይደለም። እኔ አብሬያቸው አልሰግድም ፤ ሲሰግዱም አልስቅባቸውም» አለችው።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። እናቷ ምንም አልተናገረችም ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ምሥራቅ ዞረችና በልቧ ጸለየች። እኛም ከዚያ የተሻለ መልስ ሊኖረን እንደማይችል ዐወቅን።

በገመዱ ሠረገላ ወርደን ወደ ታይአን ስንመለስ ሰዓቱ በእኛ አቈጣጠር ዘጠኝ ሆኖ ነበር። ለታናሹ ልጅ በመንገድ ላይ የአገሩን ስስ ቂጣ ገዝተንለታል ፤ እኛ ግን እስከዚያ ጾመን ውለናል። የማዕዱ ነገር የእናቷ የመጨረሻ ፍርሃት ነበረ። ልጃችን ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አስገብታን ባለቤቲቱን ረዘም አድርጋ አነጋገረቻት። ምን እንዳለቻት ብንጠይቃት እንዲህ ስትል አስረዳችን ፤ በዚህ አገር «ሥጋ አልፈልግም» ማለት ብቻ አይበቃም ፤ ጎመኑ ብዙ ጊዜ በዐሣማ ስብ ስለሚጠበስ ስቡን ፣ እንቍላሉንና የሥጋውን መረቅ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ መከልከል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ቃል በመጀመሪያው ወር አጥንታዋለች።

የቀረበልንም ምግብ ጎመንና ቶፉ ነበረ። ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ፣ መልኩ አይብ የሚመስል የጾም ምግብ ነው። የታይአን ሰዎች ተራራቸውን ሲያመሰግኑ «የታይ ሻን ሦስቱ መልካም ነገሮች» የሚሏቸው ጎመን ፣ ቶፉና ውኃ ናቸው። ሦስቱም ለጾመኛ የተፈቀዱ መሆናቸውን ስንሰማ ተደነቅን። ልጃችን ቆማ ጸሎተ ማዕድ አደረሰች ፤ ባለቤቲቱም ጸሎቱ እስኪፈጸም ድረስ ሳህኑን በእጇ ይዛ ዝም ብላ ጠበቀች። የልጆቹ እናት ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ጠግባ ስትበላ አላየናትም።

ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ አገር የላኩ ወይም ለመላክ የሚያስቡ አንባቢዎቻችን ብዙዎች መሆናቸውን እናውቃለን። በሻንጣ የሚጫነው በርበሬና ሽሮ በጥቂት ወር ያልቃል። የማያልቀው በቤት ሳሉ ያዩትና የለመዱት ነው። ጾሙን ለምን እንደሚጾም የተነገረው ፣ ምግቡን በእጁ መሥራት የተማረ ፣ የሌላውን ሃይማኖት ሳይከተልና ሳይንቅ የራሱን መጠበቅ ያወቀ ልጅ በየትም አገር መንገድ ያገኛል። እነዚያ ተሸካሚዎች እንደሚያደርጉት ነው ፤ ዳገቱን ቀጥ ብሎ መውጣት ባይቻል እንኳ ሸክሙን ሳይጥሉ ፣ ትከሻ እየለወጡ ፣ ሳይቆሙ መሄድ ይቻላል።

እግዚአብሔር በሰው አገር ያሉትን ልጆቻችንን ሁሉ ይጠብቅልን።